የእጅ ፍሬን ድምፅና ምክንያቱ

በካዛንቺስ ብዙው የቆየ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. ቢፈርስም፥ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያወርደው ቁልቁለት እንዳለ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ የቂርቆስ ሾፌር መኪናውን ሲያቆም የእጅ ፍሬኑን ከሳበ በኋላ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ቢያደርግ የሚነቅፈው የለም። ፍሬኑ እንግዳ ድምፅ ያሰማ እንደ ሆነ ግን፥ «ምን ዐይነት ድምፅ ነው?» ከማለት አስቀድሞ «መቼ ነው የሚሰማው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ሳይጠይቁ ሸራ ማስለወጥ ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው።

የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ካቦው ይወጠራል፤ በኋላ እግሮች ታምቡር ውስጥ ያሉትን ሸራዎችም ወደ ውጭ ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። ሲለቀቅ ሞላዎቹ ይመልሷቸዋል። በመሳብ ጊዜ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» የጥርሶቹ ድምፅ ስለ ሆነ ጤናማ ነው፤ ቁጥሩ ከተለመደው እየበዛ ከሄደ ግን ካቦው ላልቷል፥ ወይም ሸራው አልቋል ማለት ነው።

በክረምት ማለዳ፥ መኪናው ገና ሲነቃነቅ አንድ ጊዜ «ጧ» የሚለው፥ ሌሊቱን በእርጥበት ዝገት ከታምቡሩ ጋር የተጣበቀው ሸራ ሲላቀቅ ነው። ጥቂት ተፋግቶ ዝም ካለ አያሳስብም። ፍሬኑ ተለቆ እየተጓዙ ፍግታው ካላቆመ ግን ካቦው በሽፋኑ ውስጥ ዝጎ አልመለስ ብሏል፥ ወይም ሞላው ደክሟል። ይህ የሚታወቀው አንዱ የኋላ እግር ከሌላው ይልቅ ሲግል ነው። በደልዳላና ባዶ ቦታ፥ በዝግታ እየሄዱ የእጅ ፍሬኑን አንድ ጥርስ ብቻ መሳብም ጥሩ መመርመሪያ ነው፤ ድምፁ ከተለወጠ ምንጩ እዚያው ነው፤ ካልተለወጠ ኩሽኔታውን መመልከት ይሻላል።

የቀድሞው ላንድሮቨር ነገር ግን ልዩ ነው። የእጅ ፍሬኑ ታምቡር በጎማዎቹ ላይ ሳይሆን፥ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ኃይል በሚያስተላልፈው ዘንግ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ድምፁን ከመኪናው መካከል፥ ከሥር መፈለግ ነው። በዳገት ሲቆም ጥቂት ተንሸራቶ «ጓ» ቢል፥ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ድረስ ስለ ሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ፥ ዘንጉ ተይዞ ሳለ ዲፈረንሻሉ የተነሣው ጎማ በአንድ አቅጣጫ፥ መሬት ላይ ያለው በሌላው እንዲዞር ይፈቅዳል። የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊወርድ፥ ከሥሩ ያለውንም ሰው ሊጨፈልቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሰፈሩ ታኮ የግድ ያስፈልጋል እንጂ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች፥ ቁልፍ ሲጫኑ የሚሰማው አጭር «ዝዝ» ካቦውን ወይም ሸራውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ነው።

ታምቡሩ የተከፈተ እንደ ሆነ ውስጡ ያለውን አቧራ በአየር መንፋት አይገባም፤ የጥንቱ ሸራ አስቤስቶስ ስለሚኖርበት፥ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።