የባንኮክ ታዳሚ የሚከፍለው ለምንድን ነው?

ለመርካቶ ነጋዴ ባንኮክ ማለት ጨርቅ፣ ልብስና ጫማ ማለት ነው። ፕራቱናም የሚባለውን የልብስ ሠፈር ተዘዋውሮ አይቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ጭኖ የተመለሰ ሞልቷል። በዚያችው ከተማ ግን ሌላ ዓይነት ሸቀጥም ለገበያ ይቀርባል። መጋዘን አይገባም፤ ከርሞ አይሸጥም፤ ሳይሸጥ የቀረውም ወደ አቅራቢው አይመለስም። ይኸውም ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ሙዚቀኛ የሚያቀርበው የአንድ ምሽት ዝግጅት ነው። ሙዚቀኛው ዋጋውን የሚቆርጠው በዶላር ሲሆን አዘጋጁ ትኬቱን የሚሸጠው በአገሩ ገንዘብ፣ በባት ነው። በመካከሉ ትርፍ መገኘቱ ወይም ኪሣራ መድረሱ በአመዛኙ የሚወሰነው ታዳሚው ምን ፈልጎ እንደሚመጣ አስቀድሞ በማወቅ ነው።

የታይላንድ ታዳሚ ፍላጎት ከሌላው ዓለም ፈጽሞ የተለየ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም የአገሩ ታሪክ ያስለመደው የራሱ መመዘኛ አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የለመዱትን ዘፈን

ታዳሚው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚያውቀውን ዘፈን ነው። ይህ ልማድ ሥር አለው። በቬትናም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር በኡዶን፣ በኮራትና በኡታፓኦ ሠፍሮ ነበር። በጦር ሠፈሮቹ ዙሪያ በተከፈቱት ክበቦች የታይላንድ ሙዚቀኞች የአሜሪካንንና የእንግሊዝን ዘፈኖች ልክ እንደ ሸክላው አድርገው በመጫወት እንጀራቸውን ያበስሉ ነበር። የ1960ዎቹ ወጣት ባንዶች «ዎንግ ሻዶው» መባላቸው «ዘ ሻዶውስ» ከሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ስም ተወስዶ ነው። ዛሬም ቢሆን በባንኮክ መጠጥ ቤቶች የሚጫወት ባንድ የሚመሰገነው የታወቀውን የውጭ ዘፈን ሳያዛባ ሲያቀርብ ነው።

ቀጥሎ ካሴት መጣ። የ1994ቱ የቅጂ መብት ሕግ ከመውጣቱ በፊት በየመንገዱ የሚሸጠው ካሴት አብዛኛው ያለፈቃድ የተባዛ፣ የየዘፋኙም ምርጥ ምርጥ ተለቅሞ የገባበት ነበር። አገር ቤት ያለ ካሴት ነጋዴም ዘዴውን አያጣውም። በመሆኑም አንድ ትውልድ የምዕራቡን ዘፋኝ ያወቀው በሙሉ አልበሙ ሳይሆን በአምስትና ስድስት ዘፈኖቹ፣ ያውም በለስላሳ የፍቅር ዜማዎቹ ነው። የዴንማርኩ «ማይክል ለርንስ ቱ ሮክ»ና የአውስትራሊያው «ኤር ሰፕላይ» በምዕራቡ ዓለም ወሬያቸው ከቀዘቀዘ ከብዙ ዓመታት በኋላም በእስያ አዳራሾች ገበያ ያላቸው ለዚህ ነው።

ለአዘጋጁ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አዲስ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ለማሰማት የሚመጣ ሙዚቀኛ ጨዋ ጭብጨባ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ትኬቱ አይሸጥም። ታዳሚው አብሮ መዝፈን ይፈልጋል። አዝማቹ ላይ ሲደረስ ዘፋኙ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ካዞረ፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የማይናገረውም ሳይቀር ግጥሙን ቃል በቃል ይወጣዋል። ታይላንዶች «ሳኑክ» የሚሉት ነገር አለ፤ ከጨዋታና ከደስታ የቀረበ ቃል ነው። ሳኑክ የሌለበት ነገር፣ ሥራም ይሁን ድግስ፣ ለእነርሱ ጎደሎ ነው። ዜማውን ለመለወጥና ለመፈላሰፍ የሚፈልግ ሙዚቀኛ ሌላ ከተማ ቢሞክር ይሻለዋል።

በእርግጥ ይመጣል ወይ?

ሁለተኛው ጉዳይ እምነት ነው። ማይክል ጃክሰን በነሐሴ 1993 ለሁለት ምሽት ወደ ባንኮክ ብሔራዊ ስታዲየም መጣ። የመጀመሪያውን ምሽት ተጫውቶ በሙቀቱና በሰውነት ፈሳሽ ማጣት ምክንያት ሁለተኛውን አዘገየ፤ ያም የተካሄደው ከታቀደለት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ነሐሴ በታይላንድ የዝናብና የወበቅ ወቅት ነው። አዘጋጆች ሜዳ ላይ የሚደረገውን ትልልቅ ዝግጅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ መያዝ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከአየሩ የባሰው ግን ፖለቲካው ነው። ቴይለር ስዊፍት ሰኔ 9 ቀን 2014 በባንኮክ ልትዘፍን ተቀጥሮ ነበር። ግንቦት 22 ቀን ጦሩ ሥልጣን ያዘ፤ የሰዓት እላፊም ታወጀ፤ ዝግጅቱ ተሰረዘ። በጥቅምት 2016 ንጉሥ ቡሚቦል ሲሞቱ ደግሞ መንግሥት የመዝናኛ ዝግጅቶች ለ30 ቀን እንዲገቱ በመጠየቁ ብዙ ፕሮግራም ተሰረዘ ወይም ተላለፈ። በዚህ ሁሉ ጥፋተኛ የሚባል ሙዚቀኛም አዘጋጅም የለም። የታዳሚው ጥያቄ ግን «ገንዘቤስ?» የሚል ነው። የትኬት ገንዘብ በአግባቡ የመለሰ አዘጋጅ ለሚቀጥለው ዝግጅት ገዢ አያጣም። ያዘገየ ወይም ያድበሰበሰ ግን ትልቁን ስም ቢያስመጣ እንኳ ሰው እስከ መጨረሻው ሳምንት እጁን ሰብስቦ ይጠብቀዋል። አስቀድሞ የተሸጠ ትኬት የአዘጋጁ የሥራ ማስኬጃ በመሆኑ መዘግየቱ ብቻውን ያሰምጠዋል።

የስዊፍት ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። በመጋቢት 2024 በደቡብ ምሥራቅ እስያ የዘፈነችው በሲንጋፖር ብቻ፣ በስድስት ምሽት ነው። የወቅቱ የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ስሬታ ታቪሲን ሲንጋፖር ለእያንዳንዱ ምሽት ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ደጉማ በአካባቢው ሌላ አገር እንዳትዘፍን አድርጋለች ሲሉ በይፋ ተናገሩ። የሲንጋፖር ባለሥልጣናት ድጎማው የተባለውን ያህል አይደለም ቢሉም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ሲየን ሎንግ በሌላ የአካባቢው አገር እንዳትዘፍን ስምምነት መኖሩን አምነዋል። የ2014ቱን ትኬት ገዝቶ የነበረ የባንኮክ ወጣት ዘፋኟን ለማየት አውሮፕላን መሳፈርና የሲንጋፖር ሆቴል መክፈል ግድ ሆነበት። ከአንድ ዝግጅት የሚገኘው ገቢ ከትኬቱ ይልቅ በሆቴሉ፣ በምግብ ቤቱና በታክሲው እንደሚበልጥ የባንኮክ ሰዎች የተረዱት በራሳቸው ኪስ ነው።

አገሩን ማክበር

ታዳሚው ሙዚቀኛው የት አገር እንዳለ የሚያውቅ መሆኑንም ማየት ይሻል። «ሳዋዲ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ ሁለት እጅን ደረት ላይ አጋጥሞ እጅ መንሣት ምንም ወጪ የለውም፤ አዳራሹን ግን ያናውጠዋል። በሲኒማ ቤትና በብዙ ኮንሰርቶች ከመጀመሩ በፊት የንጉሡ መዝሙር ይሰማል፤ ሕዝቡም ይቆማል። ንጉሥ ቡሚቦል ራሳቸው ሳክስፎን ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ስለነበሩ፣ በ1960ም በኒውዮርክ ከቤኒ ጉድማን ጋር ስለተጫወቱ የሙዚቃና የቤተ መንግሥት ነገር ለታይላንዳዊ የተራራቀ አይደለም። ራስ የተከበረ፣ እግር የተናቀ የሰውነት ክፍል ነው። የሰው ራስ መንካት ወይም በእግር ወደ ቡድሃ ምስል መጠቆም ነውር ነው። መድረክ ላይ የሚዘል ሙዚቀኛ ይህንን ካልተነገረው በቀር ከየት ያውቀዋል? መንገር የአዘጋጁ ሥራ ነው።

ሌዲ ጋጋ በግንቦት 2012 ባንኮክ እንደደረሰች ገበያ ወጥታ የውሸት ሮሌክስ ሰዓት መግዛት እንደምትፈልግ ለተከታዮቿ በትዊተር ጻፈች። ቀልድ ነበር። ነገር ግን አገሪቱ የሐሰተኛ ዕቃ ገበያ ተብላ መጠራቷ ብዙዎችን አስቆጣ፤ የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱም ቅሬታውን ገለጸ። መድረክ ላይም የባህላዊ ተወዛዋዦችን ዘውድ ደፍታ መታየቷ ከፊሉን አስደሰተ፣ ከፊሉን አስከፋ። ዝግጅቱ በራጃማንጋላ ስታዲየም ከመካሄድ አልታገደም። ሆኖም ስፖንሰር የሆነ ድርጅት ስሙ ከእንዲህ ዓይነት ወሬ ጋር እንዲነሣ አይፈልግም፤ በሚቀጥለው ውል ላይ ገንዘቡን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ይሸሻል።

ኮሪያ ያስለመደችው

የምዕራቡን ሙዚቀኛ በአሁኑ ጊዜ የሚያስጨንቀው ሌላው ተፎካካሪ የመጣው ከኮሪያ ነው። የኮሪያ ቡድኖች ለደጋፊው ዘፈን ብቻ አይሸጡለትም። ውድ ትኬት ለገዛው የድምፅ ልምምዱን እንዲያይ፣ ፎቶ እንዲነሣ፣ ሲወጣ እንዲሸኙት ያደርጋሉ፤ የሚበራውን ዱላና የፎቶ ካርዱን ጨምረው ይሸጡለታል። «ብላክፒንክ» ውስጥ ያለችው ሊሳ የቡሪራም ክፍለ ሀገር ተወላጅ መሆኗም ሌላው መሳቢያ ነው። ይህንን የለመደ ወጣት ለምዕራብ ሙዚቀኛ ተመሳሳይ ዋጋ ሲጠየቅ «ከወንበሩ ሌላ ምን አለው?» ማለት ጀምሯል። ጥያቄው ፍርደ ገምድል አይደለም።

የዶላሩ ስሌት

አዘጋጁ ብዙውን ጊዜ የሙዚቀኛውን ዋጋ ግማሽ ውል ሲፈርም፣ ቀሪውን ከመድረኩ በፊት ይከፍላል። በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ወራት አሉ። ሐምሌ 2 ቀን 1997 ባት ከዶላር ጋር ከታሰረበት ሲለቀቅ አንድ ዶላር በ25 ባት ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥር 1998 ወደ 56 ደረሰ። ለምሳሌ ያህል 500 ሺህ ዶላር የተስማማ አዘጋጅ 12 ሚሊዮን ተኩል ባት ያሰበው ክፍያ 28 ሚሊዮን ሆነበት ማለት ነው። ትኬቱ ግን አስቀድሞ በባት ተሸጧል፤ ታዳሚውን ጨምር ማለት አይቻልም። ዶላር በእጁ ሳይዝ በውጭ ምንዛሪ ውል የገባ ነጋዴ ሁሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል።

የዚያ ቀውስ ቅርስ የሆነ አንድ ነገር ግን ለገበያው ጠቅሟል። ባንኮክ ላንድ የተባለው የሪል እስቴት ኩባንያ ከከተማው በስተሰሜን በሙዋንግ ቶንግ ታኒ የገነባቸው አያሌ ሕንፃዎች ገዢ አጥተው ባዶ ቀርተው ነበር። በዚያው ሥፍራ ለ1998ቱ የእስያ ጨዋታ የተሠራው ኢምፓክት አሬና ወደ 12 ሺህ ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ ለውጭ ሙዚቀኞች ዋነኛ አዳራሽ ሆነ። ለዚሁ ጨዋታ የተከፈተው ራጃማንጋላ ደግሞ 50 ሺህ ገደማ ይይዛል። ኮልድፕሌይ በየካቲት 2024 ሁለት ምሽት፣ ብሩኖ ማርስ በመጋቢቱ መጨረሻ እንዲሁ ሁለት ምሽት የተጫወቱት በዚሁ ስታዲየም ነው። በ12 ሺህና በ50 ሺህ መካከል ግን ሰፊ ክፍተት አለ። ለአንዱ የበዛ፣ ለሌላው ያነሰ ስም ያለው ሙዚቀኛ ለአዘጋጁ ራስ ምታት ነው።

ትኬቱ ሲወጣ ደግሞ ደላላው ይገባል። ታይላንዶች በጥቁር ገበያ የሚሸጠውን ትኬት «ቱዋ ፒ» ይሉታል፤ «የመንፈስ ትኬት» እንደ ማለት ነው። ሽያጩ በኢንተርኔት ከሆነ ወዲህ ትኬት መግዛት «መጫን» ተብሎ ይጠራል፤ በክፍያ ለሰው የሚጫኑ ፈጣን ጣቶች ያሏቸው ወጣቶችም ሥራ አግኝተዋል። የአገልግሎት ዋጋቸውን ወስደው ትኬቱን በተጻፈበት ዋጋ ያስረክባሉ። የመንፈስ ትኬት ነጋዴው ግን አየር በአየር የሚሠራ ነው፤ ራሱ ገዝቶ ይይዛል። ስሙ ገናና፣ ምሽቱም አንድ ብቻ ከሆነ እጥፍ ያተርፋል። አዘጋጁ ሁለተኛ ምሽት ሲጨምር ግን የያዘው ትኬት እጁ ላይ ይረክሳል፤ የዝግጅቱ ዕለት ማታም በስታዲየሙ በር ከተጻፈበት ዋጋ በታች ለመሸጥ ሲለማመጥ ይገኛል።