ከኮዱ በፊት ሽቦውን

ባለቤቱ ባለበት የማንናገረውን ልንገራችሁ። ሌላ ሰው የሠራውን የሞተር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም «እስኪ እየው» ተብለን ስንቀመጥ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ኮዱን የምናነበው በአብዛኛው ለታዛቢ ነው። ስክሪን ላይ የተደረደረ ኮድ ሥራ የተያዘ ያስመስላል። እውነቱ ያለው ግን ከትንሿ ቦርድ ወደ ሞተሩ ድራይቭ በሚሄዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ነው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ሞተር ብርቅ አይደለም። ደብረ ታቦር ወፍጮ አለ፣ ፎገራ ሩዝ መፈልፈያ አለ፣ የመስኖ ፓምፕም አለ። አብዛኛው በቁልፍ ይነሳል፣ በቁልፍ ይቆማል፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለንም። ጉዱ የሚጀምረው አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ ብሎ፣ ሞተሩን ከራዝቤሪ ፓይ ጋር ሲያገናኘው ነው። ቦርዷ በ2004 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ለሽያጭ ስትቀርብ የታሰበችው ለተማሪ መማሪያ ነበር፤ ርካሽና ትንሽ ስለሆነች ማሽን ላይ ወጣች። ልጁ ይመረቃል፣ ሥራ አግኝቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይገባል፣ ስልክ ቁጥሩም ይቀየራል። ለተረካቢ የሚቀረው «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲስ» እና «የመጨረሻ አዲስ 2» የሚባሉ ፋይሎች ናቸው። ስማቸውን አትመኑ፤ ቦርዷ ስትነሳ የትኛውን እንደምታስጀምር ፈልጉ።

እኛ አስቀድመን የምናደርገው ቀበቶውን ከሞተሩ ማውለቅ ነው። ያልገባችሁን ትእዛዝ የምትልኩት ባዶውን ለሚሽከረከር ሞተር ይሁን። ፕሮግራሙ ላይ «አቁም» የሚል ቁልፍ ቢኖርም ማቆሚያ ብለን አንቆጥረውም፤ ፕሮግራሙ ሲደርቅ እሱም አብሮ ይደርቃል። ማቆሚያ የምንለው ኃይሉን ራሱን የሚቆርጠውን ቀዩን ቁልፍ ብቻ ነው።

ከዚያ ሽቦውን እናዳምጣለን። መጀመሪያ ቮልቱ ይለካል። የራዝቤሪ ፓይ ፒን የሚችለው 3.3 ቮልት ነው፤ የድሮው የአርኤስ-232 መስመር ግን ከዜሮ በታችም ይወርዳል፣ እስከ 15 ቮልትም ይደርሳል። ሁለቱን በቀጥታ ያገናኘ ሰው ቦርድ መግዛቱ አይቀርም። ቮልቱ ከታወቀ በኋላ የሚስማማ ኮንቨርተር ይዘን፣ ግራውንዱን አገናኝተን፣ መቀበያውን ብቻ መስመሩ ላይ አሳርፈን የሚያልፈውን ሁሉ እንመዘግባለን። የሚታየው ዝባዝንኬ ከሆነ አትደንግጡ፤ ሽቦው ደህና ሳይሆን አይቀርም፤ የተሳሳተው የመስመሩ ፍጥነት ነው። 9600 ካልሆነ 19200፣ እሱ ካልሆነ 115200 እያሉ መሞከር ነው። ጭራሽ ጸጥ ካለ ግን ላኪ ከላኪ ጋር ታስሮ እንደሆነ እዩ።

አሁን ወደ ኮዱ መመለስ ይቻላል። «ሁለት ሴኮንድ ጠብቅ» የሚል ምክንያቱ ያልተጻፈ መስመር ታገኛላችሁ። አዲስ ተረካቢን ሁሉ እጁን የሚበላው እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙን አፈጥናለሁ ብሎ ይሰርዘዋል። በማግስቱ ሞተሩ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አልሰማ ይላል። ነገሩ ቀላል ነው። መሃል ላይ አርዱዪኖ ዩኖ የሚባለው ቦርድ ካለ፣ ፖርቱ በተከፈተ ቁጥር ቦርዱ እንደ አዲስ ይነሳል፤ ትእዛዝ ለመስማት እስኪበቃ ድረስ ሁለት ሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል። ልጁ ይህን የደረሰበት ሳይታክት እየሞከረ ይሆናል፤ ያወቀውን ግን በአንዲት ቁጥር ውስጥ ቀብሮት ሄደ።

ሌላው የቁጥር ሰልፍ ነው። ድራይቩ ሞድባስ የሚባለውን የመገናኛ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ኮዱ ውስጥ ስምንት ባይት ተደርድሮ ታያላችሁ። መጀመሪያው የድራይቩ አድራሻ ነው። ሁለተኛው 06 ከሆነ «አንድ ሬጅስተር ጻፍ»፣ 03 ከሆነ «አንብብልኝ» ማለት ነው። ከዚያ የሬጅስተሩ ቁጥር ይከተላል፤ ቀጥሎ ሲጻፍ ዋጋው፣ ሲነበብ ደግሞ የሚነበቡት ሬጅስተሮች ብዛት ይመጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች ከፊት ካሉት ሁሉ ተሰልተው የሚወጡ የስህተት መፈተሻ ናቸው። ብዙ ልጆች ይህን ስሌት አይጽፉም፤ አንዴ የሠራላቸውን መልእክት እንዳለ ይለጥፉታል። ተረካቢው የሞተሩን ፍጥነት ብቻ ሲቀይር መፈተሻው አይገጥምም፤ ድራይቩም «ተሳስተሃል» አይልም፣ ዝም ይላል። ስንት ደህና ኬብል በዚህ ሰበብ ተቀይሯል መሰላችሁ!

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለሚዛን የሆኑ ሁለት የዩኤስቢ ኮንቨርተሮች ካሉ ሊኑክስ የሚሰይማቸው እንደ አመጣጣቸው ነው፤ ትናንት «ዜሮ» የነበረው ዛሬ «አንድ» ይሆንና የሞተሩ ትእዛዝ ለሚዛኑ ይደርሳል። መፍትሔው በመለያ ቁጥራቸው መጥራት ነው። ሽቦው በቀጥታ ከቦርዷ ፒን ከወጣ ደግሞ የሲሪያል ኮንሶሉ መዘጋቱን አጣሩ። ካልተዘጋ ቦርዷ ስትነሳ የራሷን የመነሻ ወሬ ለድራይቩ ትለፈልፍለታለች። ኤስዲ ካርዱም በመብራት መቆራረጥ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ ውሰዱ።

ይህ አገር ሠሪው የሄደበትን ሥራ ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ነው፤ ያቀለጡት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. መድፉ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ሞቱ፣ ሠሪዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። መድፉ ግን እዚያው ነው።

ለባለቤቶች የምንሾከሹከው ደግሞ ይህ ነው፦ ለልጁ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት የድራይቩን ሳጥን ክፈቱና ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር አስጽፉት። የመስመሩን ፍጥነት፣ የድራይቩን አድራሻ፣ የትኛው ሬጅስተር ሞተሩን እንደሚያስነሳና እንደሚያቆም፣ የትኛው ሽቦ ላኪ እንደሆነ፣ ያችን ሁለት ሴኮንድ ለምን እንዳስገባት። ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ልጁ «ኮዱ ውስጥ አለ» ካላችሁ ገንዘቡን ያዙት።