ያረጀ ማጣሪያ ሁሉ አይፈርስም

አንዲት ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያዋ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላት ምክር አሮጌውን ትቶ ትልቅ ዘመናዊ ጣቢያ መገንባት ነው። ምክሩ ሁልጊዜ እንደማይሠራ በካሊፎርኒያ በሃምቦልት ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለችው አርካታ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1974 ግዛቱ ወደ ባሕረ ሰላጤዎች በሚለቀቅ ፍሳሽ ላይ ደንቡን ሲያጠብቅ፣ የአካባቢው ከተሞች አንድ ትልቅ የጋራ ጣቢያ እንዲሠሩ ታቀደ። አርካታ ግን ነባር ኩሬዎቿን ይዛ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ፊላና ቄጠማ የሚበቅልበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ለመጨመር ወሰነች፤ ሐሳቡን በሙከራ ካረጋገጠች በኋላም በ1986 ሥራ አስጀመረችው። በኩሬ ውስጥ አልጌ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ባክቴሪያም ቆሻሻውን ያብላላል። ኩሬ ብቻውን የሚያቅተው አልጌውን ራሱን ማስወገድ ነው። የረግረጉ ዕፅዋት ግን ብርሃን ይጋርዱበታል፣ የውኃውንም ጉዞ ያዘገያሉ፤ አልጌው ሞቶ ይዘቅጣል፣ በግንዶቹ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳትም የቀረውን ያብላላሉ።

ረግረግ ሰፊ መሬት ይፈልጋል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ቦታ በጠበበበት ከተማ አልመክረውም። ለትንሽ ከተማ ግን ከመሬቱ ይልቅ የሚከብደው ብዙውን ጊዜ በየወሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሒሳብና የመለዋወጫ ዕቃ ነው። «ተፈጥሮ ራሷ ትሠራዋለች» ብሎ መዘናጋትም አደገኛ ነው፦ ዝቃጩ መጠረግ፣ ያረጀው ፓምፕ መቀየር፣ በሽታ አምጪ ተህዋሲያኑ መገደል አለባቸው። ለዚህ የሚሆን በጀት ከግንባታው ጋር አብሮ ካልተያዘ፣ ረግረጉም እንደ አሮጌው ጣቢያ ይደክማል።