ሲቆረጥ የማይደማው፦ ስለ ዳሌ ነርቮችና ስለ ማኅፀን ቀዶ ሕክምና

በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የደም ሥር ሲቆረጥ ደሙ ፈልቆ ጥፋቱን ስለሚያጋልጥ ሐኪሙ ፈጥኖ ይቋጥረዋል፤ ነርቭ ግን ተቆርጦ ደም አያፈስም፣ ቀለሙም አይለወጥም፣ በማደንዘዣ የተኛችውም ሴት አትጮኽም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ተሰውሮ ይቆይና ከቀናት በኋላ፣ ቁስሉ ጠግጎ ሁሉ በመልካም ተፈጸመ በተባለበት ሰዓት፣ ሽንት የሚያስወጣው ቱቦ (ካቴተሩ) ሲወጣላት ሽንቷ መምጣቱን ሳታውቅ፣ ብታውቅም ማስወጣት ሳይቻላት ስትቀር ይገለጣል። የቀድሞ የማኅፀን ሐኪሞች ነርቭን ቸል ያሉት ከጭካኔ ሳይሆን ከዚሁ ዝምታ የተነሣ ይመስለኛል።

የእነዚህ ነርቮች አካሄድ ምሥጢር የሚመስል፣ ነገር ግን ሥርዓት ያለው ነው። ከወገብ በታች፣ ታላቁ ደም ቅዳ ለሁለት ከተከፈለበት ዝቅ ብሎ ካለ የነርቭ መረብ፣ ቀኝና ግራ ሁለት ክሮች ከኩላሊት የሚወርደውን የሽንት ቧንቧ ከበታቹ እየተከተሉ ወደ ዳሌ ይወርዳሉ፤ ፊኛው ሳይቸኩል ሽንት እንዲያጠራቅም የሚያደርጉ እነርሱ ናቸው። ከመቀመጫ በላይ ካለው ሰፊ አጥንት ቀዳዳዎች የሚወጡት ሌሎች ነርቮች ደግሞ ፊኛው ተኮማትሮ እንዲለቅ ያዝዛሉ። ሁለቱ ወገኖች ከማኅፀኑና ከብልቱ ጎን ተገናኝተው፣ በስቡ መካከል እንደ ባዘቶ የሳሳ መረብ ሠርተው፣ ከዚያ ወደ ማኅፀን፣ ወደ ፊኛ፣ ወደ ብልትና ወደ ሰገራ መውጫው አንጀት ይበተናሉ። የሐኪሙ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ማኅፀኑ ሲወጣ ወደ እርሱ የሚሄደው ቅርንጫፍ አብሮ መቆረጡ ግድ ሲሆን፣ ከዚያው ግንድ የተገኘው የፊኛው ቅርንጫፍ ግን መትረፍ አለበት። መሪ ምልክቱ ከማኅፀን ጎን በጥልቀት የሚያልፈው ደም መልስ ነው፤ በአብዛኛው ከእርሱ በላይ ያለው የደም ሥሮች ስፍራ፣ ከበታቹ ያለው የነርቮች ስፍራ ነውና።

ይህ ዕውቀት በአንድ ቀን አልተገኘም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 በቪየና ኤርንስት ቬርትሃይም የማኅፀን በር ካንሰርን ከነዙሪያ ሥጋው በሆድ በኩል ማውጣት ሲጀምሩ፣ ከሕመምተኞቹ ጥቂት የማይባሉት ከቀዶ ሕክምናው አይተርፉም ነበርና፣ በሕይወት የተረፈች ሴት ስለ ሽንቷ ብታጉረመርም ማን ይሰማት ነበር? በ1921 በኪዮቶ ሂደካዙ ኦካባያሺ የመቁረጡን ወሰን አስፍተው፣ ካንሰሩን ከሥሩ የሚነቅል ዘዴ አሳተሙ፤ ነገር ግን ወሰኑ በሰፋ መጠን የፊኛው ነርቮችም አብረው ይሄዱ ነበር። የገዛ አገራቸው ሰው፣ የቶኪዮው ታካሺ ኮባያሺ፣ በ1961 ማኅፀኑን ከጎን የያዘውን ጅማት የላይኛውን የደም ሥሮች ክፍል ከታችኛው የነርቮች ክፍል ለይተው ሁለተኛውን የማትረፍ ዘዴ አስተማሩ። ከዚያ ወዲያ በ2007 የኪዮቶው ሺንጎ ፉጂ የፊኛውን ቅርንጫፍ ለብቻው ለይተው አሳዩ፤ በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የአመዳደብ ሥርዓትም ነርቭ ለሚያተርፈው ቀዶ ሕክምና የራሱን መደብ ሰጠው።

ነርቭን ለማትረፍ ሲባል ካንሰሩን መተው ግን ፈጽሞ አይገባም፤ በሽታው ወደ ነርቩ ከተጠጋ ነርቩ ይሠዋል። አጥርቶ ማየትም ብቻውን አይበቃም፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራው ዘዴ ነርቩን አጉልቶ ቢያሳይም፣ በ2018 የታተመ ታላቅ ጥናት በዚህ ዘዴ ማኅፀናቸው ከነዙሪያው የወጣላቸው የማኅፀን በር ካንሰር ሕመምተኞች ሆድ ተከፍቶ ከታከሙት ይልቅ በሽታው አብዝቶ እንደሚመለስባቸውና አብዝተው እንደሚሞቱም አሳይቷል። በአገራችን ይህ ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከቀዶ ሕክምና ወሰን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ነርቭ ለመጨነቅ የሚያበቃ ዕድል የሚያገኙት በጊዜ የተመረመሩት ናቸው።

ከፊኛው ነርቮች ሌላ የእግር ነርቮችም አሉ፤ እነርሱ የሚጎዱት ብዙ ጊዜ በቢላዋ ሳይሆን በጫናና በአቀማመጥ ነው። ሆዱን ከፍቶ የሚይዘው ብረት፣ በተለይም በቀጭን ሴት ላይ፣ ጎንና ጎኑን ጠልቆ ሲጫን የጭኑን ነርቭ ያደክምና ደረጃ መውጣት ያስቸግራታል፤ እግሯ በመደገፊያው ላይ ሲሰቀል የጉልበቷ ውጭ ጎን ከተጫነ ደግሞ እግሯ ከቁርጭምጭሚት በታች ይዝላል። ይህን ለመከላከል ሊቅነት አያስፈልግም፤ ትራስ ማድረግ፣ የብረቱን ጥልቀት ማየት፣ ሰዓቱ ሲረዝም ማላላት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ የፊኛው ሁኔታ በቀላል መንገድ ይለካል፤ ካቴተሩ ከወጣ ወዲያ ሴቲቱ ሸንታ ስትጨርስ በፊኛው የቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ወይም በካቴተር ይመዘናል። ብዙ የቀረባት ሴት ስሜቱን ሳትጠብቅ በሰዓት እየቆጠረች ወደ መጸዳጃ እንድትሄድ፣ ካስፈለገም በንጹሕ ቀጭን ካቴተር ፊኛዋን ራሷ ባዶ እንድታደርግ ትማራለች፤ ነርቩ ተወጥሮ ወይም ተጨንቆ እንጂ ፈጽሞ ካልተቆረጠ፣ የፊኛዋ ሥራ ብዙ ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለስላታል።