ፀረ ድባቴ መድኃኒቶችና የታይሮይድ ዕጢ



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ በጀሞ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤቴ ያነሡት ጥያቄ ነው። እንቅርት አለባቸው፤ የድባቴ መድኃኒትም በቅርቡ ጀምረዋል። «ይህ መድኃኒት እንቅርቴን ያብስብኝ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ ዕጢ ሲሆን ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ ሲያንስ በአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ቲኤስኤች የተባለውን ቀስቃሽ ሆርሞን ያበዛል። የታይሮይድ ድካም በመልኩ ከድባቴ ጋር ይመሳሰላል፤ ዝለት፣ የክብደት መጨመር፣ የሐሳብ መዘግየት፣ የስሜት መውደቅ ለሁለቱም የጋራ ናቸው። እናም መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ ሲጨመር፣ የችግሩ ምንጭ ዕጢው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው ይህ ነው።

በቤተ ሙከራ፣ ትራይሳይክሊክ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ከአዮዲን ጋር እንደሚጣመሩ፣ ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉትም የሆርሞን አሠራሩን ሊገቱ እንደሚችሉ ታይቷል። ጤናማ ዕጢ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ግን ለውጡ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ፒቱታሪ ጉድለቱን ስለሚያካክስ ውጤቱ ከጤናማው ክልል አይወጣም።

የሊቲየም ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በጥብቅ አነጋገር ፀረ ድባቴ ሳይሆን ስሜት አረጋጊ ነው፤ ሆኖም አልድን ላለ ድባቴ በተጨማሪነት ይሰጣል። በታይሮይድ ውስጥ ተከማችቶ የሆርሞኑን መለቀቅ ይገታል፤ እንቅርትም ያስከትላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በየ6 ወሩ፣ ቲኤስኤች መመርመር አለበት።

ሌቮታይሮክሲን የሚወስዱ ሕሙማንም ልብ ሊባሉ ይገባል። የራሳቸው ዕጢ ጉድለቱን ማካካስ አይችልም። ሰርትራሊን በተጨመረላቸው አንዳንድ ሕሙማን ላይ ቲኤስኤች ከፍ ማለቱ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተዘግቧል። ነገር ግን በእኛ አገር ሰርትራሊንን ከመክሰሳችን በፊት ቡናን መጠየቅ ይገባናል፤ ክኒኑ በባዶ ሆድ ካልተወሰደና ቡናው ወዲያው ከተከተለው መድኃኒቱ በሚገባ አይመጠጥም።

በዚህ ላይ የአዮዲን ነገር አለ። ዝናብና የአፈር መሸርሸር የደጋውን አፈር አዮዲን አጥቦ ወስዷል። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከትምህርት ዕድሜ ሕፃናት መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ነበረባቸው። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ያደጉት ዛሬ ጎልማሶች ሆነው በየክሊኒኩ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። ስለዚህ በቂ አዮዲን ባለበት አገር የተደረሰበትን «ለውጡ ትንሽ ነው» የሚል ድምዳሜ ሳንመረምር ለእነርሱ መውሰድ ይከብደኛል።

ለወደፊት ሐኪሞች የምለው እንግዲህ ይህ ነው። መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት አንገትን ዳስሱ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። እንቅርት ካለ፣ ሊቲየም ከታዘዘ፣ ወይም ሕመምተኛው ካልተሻለው፣ መጠን ከመጨመር በፊት ቲኤስኤች እዘዙ። ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥም ንገሩት። የሌቮታይሮክሲን መጠን ከተለወጠ ምርመራውን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙ፤ ቲኤስኤች ከዚያ በፊት አይረጋጋም።