የመጨረሻው መቀስ በማን እጅ ነው?

ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ሞባይል ቤት ገብቼ ፍላሼን ሰጠሁና «ጤዛ የሚለውን ፊልም ጫንልኝ» አልኩ። ልጁ ኮምፒውተሩን እያገላበጠ «ጋሼ፣ ሁለት ዓይነት አለኝ፤ አንዱ ረዥም ነው፣ አንዱ አጭር። ሰው የሚወስደው አጭሩን ነው፣ ቦታ አይዝም» አለኝ። እሱም ደጋግሞ ያየው አጭሩን ነው። ፋይሉ እየተጫነ ሳለ ቆይቶ የከነከነው የሚመስል ጥያቄ አመጣ፤ «ግን አንበርብር እግሩን ያጣው የትኛው ግንባር ላይ ነው?»

የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር እግሩን ያጣው ግንባር ላይ አይደለም። ጀርመን አገር፣ በዘረኞች ጥቃት ነው። ፊልሙ ይህን ጉዳይ ሆን ብሎ ወደ መጨረሻው ገደማ ያቆየዋል፤ ባለታሪኩ የደበዘዘ ትዝታውን እየለቃቀመ ሲያስታውስ ተመልካቹም አብሮት ይደርስበታል። በልጁ አጭር ቅጂ ውስጥ ያ ትዕይንት የለም። ምናልባት አንድ ነጋዴ ፊልሙ በአንድ ሲዲ እንዲገባለት ብሎ ያወጣው ይሆናል። ልጆቹን ወደ ጦር ሜዳ ሲሸኝ በኖረ ደጋ ያደገ ወጣት፣ የጎደለውን በሚያውቀው ነገር ሞላው፤ የስደትና የዘረኝነት ታሪክ የነበረው የጦርነት ታሪክ ሆነለት። ጥቂት ደቂቃዎች መጉደላቸው ሌላ ፊልም ፈጠረ።

ነገሩ እረፍት ነሳኝ፤ ምክንያቱም የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወልዶ፣ ተውኔት ይጽፉ ከነበሩ አባቱ ጋር መድረክ እያየ ያደገ ሰው ነው። በ1959 ዓ.ም. አሜሪካ ሄዶ መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው ንጉሡ ወርደው ደርግ ገና እግሩን ሳይተክል በነበረችው አጭር ጊዜ ነው። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ፣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንፈልገውም አሉት። እሱም በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ፊልሙን ራሱ አሳየ፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ ይዞት ዞረ። ለማንም መቀስ አሳልፎ አልሰጠም። «ጤዛ» ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የየኔንጋ ሽልማት ወስዷል። 140 ደቂቃ ይረዝማል። ሆሊውድን እምቢ ብሎ እያንዳንዷን ደቂቃ በራሱ እጅ ያቆየ ሰው ሥራ፣ በተወለደበት አገር ሰው እጅ የሚገባው ተቆራርጦ ነው።

በፊልም የመጨረሻ ቅጂ ላይ የሚነሳው ጠብ የፊልምን ያህል ዕድሜ አለው። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1942 «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ»ን ሠርቶ ለሌላ ሥራ ብራዚል ሳለ፣ አርኬኦ የተባለው ስቱዲዮ ከ130 ደቂቃ በላይ የነበረውን ፊልም ወደ 88 ደቂቃ አወረደው። መጨረሻውን በሌላ ሰው አስቀርጾ ደስ የሚል አደረገው፤ የተቆረጠውንም ኔጋቲቭ አስወገደ። የፊልም ወዳጆች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ዩኒቨርሳል የቴሪ ጊሊያምን «ብራዚል» ወደ 94 ደቂቃ አሳጥሮ በፍቅር ድል ሊጨርሰው ቢሞክር፣ ጊሊያም በአደባባይ ተሟገተ፤ የሎስ አንጀለስ ሃያሲያንም ፊልሙ ገና በአሜሪካ ለሕዝብ ሳይወጣ የዓመቱ ምርጥ ብለው ሸለሙት። የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» እ.ኤ.አ. በ1982 ስቱዲዮው ባስጨመረው ትረካና መጨረሻ ወጣ፤ በ1992 ያለ ትረካው፣ በ2007 ደግሞ ዳይሬክተሩ ሙሉ በሙሉ በተስማማበት ቅጂ ተመለሰ። እነዚያ ሰዎች የሚከራከሩበት ነገር ነበራቸው፤ ቅጂዎቹ ስም አላቸው፣ ዓመት አላቸው፣ የቆረጠው አካልም ይታወቃል።

የእኛ መቀስ ከፊልማችን ይቀድማል። ሲኒማ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ማሳያ ቤቱንም ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔት የሚባለውን «የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን አሳዩ። መኳንንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ተውኔቱን አገዱ። ስለዚህ የዘመናዊ መድረካችን ታሪክ በእገዳ ይጀምራል ማለት ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም.፣ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ሲወጡ የንጉሡ ሳንሱር በቦታው ነበር፤ ደርግም ወርሶ አጠበቀው። በ1978 ዓ.ም. የፊልም ኮርፖሬሽን ሲቋቋም ገንዘብ ሰጪው፣ አዘጋጁና ተቆጣጣሪው አንድ መንግሥት ሆነ። ሆሊውድ ውስጥ በስቱዲዮና በሳንሱር ተከፍሎ የነበረው ሥልጣን እዚህ በአንድ ጠረጴዛ ተሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀረ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ቅድመ ምርመራ ከለከለ። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለሥራ አመንጪው፣ ክብሩንና ስሙን በሚነካ ሁኔታ ሥራው ሲጣመም ወይም ሲቆራረጥ የመቃወም የሞራል መብት ሰጠው። የገንዘብ መብቱን ቢሸጥ እንኳ ይህ መብት አብሮ አይሸጥም። ያም ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት በከተማዋ የባህል ቢሮ በኩል ታይቶ የማሳያ ፈቃድ የሚወስድበት አሠራር ለዓመታት ኖሯል። በፈቃድና በፈጠራ መካከል ምን ያህል ትዕይንት እንደሚወድቅ የሚናገር መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አላየሁም። በዘርፉ የሚሠሩ አንድ የመንግሥት ኃላፊ ዘንድ ደውዬ፣ ከፊልም ላይ እንዲወጣ የተጠየቀ ትዕይንት በጽሑፍ ይመዘገብ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ይህ በስልክ የሚወራ አይደለም፤ በደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

አደባባይ የወጣውን አንድ ጉዳይ ሁላችንም እናስታውሳለን። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ስለ ጠለፋ ጋብቻና ስለ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ሙግት የሚተርክ፣ በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በብሔራዊ ቲያትር ሊመረቅ ታዳሚው ወንበሩን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ሳይታይ ቀረ። በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ፊልም ስለሆነ የባለታሪክ መብት ተነስቶበት ነበር፤ ያ መብት ሊደመጥ የሚገባው ነው። ኋላም እግዱ ተነስቶ ፊልሙ ታየ። «ድፍረት» የታገደው በአደባባይ፣ በዳኛ ፊት፣ ምክንያት ተጠቅሶ ስለሆነ ሁለቱም ወገን መከራከር ቻለ። እኔን የሚያሳስበኝ ዳኛም ክርክርም የሌለው መቆረጥ ነው።

ያን የሚያውቁት በጓዳ የሚሠሩት ናቸው። ከቪኤችኤስ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ሲያቀናብሩ የኖሩ አንድ ኤዲተር፣ ስሜን አትጥቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፤ «ዳይሬክተሩ ጨርሶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወረፋ ይጀመራል። ሲኒማ ቤቱ ረዘመ፣ በቀን አንድ ዙር ያስቀርብኛል ይላል። ስፖንሰሩ ዕቃዬ በደንብ አልታየም ይላል። ፕሮዲዩሰሩ ገንዘቡ የእኔ ነው ይላል። ሁሉም አጠገቤ ተቀምጦ ‹ይቺን ብቻ› ይለኛል። ‹ይቺን ብቻ› ስንል አንድ ሰው ከነልቡ ወጥቶ ያውቃል።»

ልባቸውን የሰበረው አንድ ፊልም ነው። «እናትየዋ ልጇን ከቀበረች በኋላ ቡና ታፈላለች። አትናገርም፤ ስኒውን በስንት ሰው ልክ እንደምትደረድር ነው የምናየው። አራት ደቂቃ ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ‹ምንም አልተባለም እኮ፣ አውጣው› አለ። ወንድሜ፣ ሁሉ ነገር የተባለው እዚያ ነበር! ዳይሬክተሩ ሲያይ ወጥቶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እኔ ደግሞ የቤት ኪራይ ነበረብኝ።» ያ አራት ደቂቃ አሁን የት እንዳለ ስጠይቃቸው «ሃርድ ዲስኩ ለሌላ ሥራ ተፈለገና ጠፋ» አሉ። ለአንድ ፊልም ስንት ዓይነት ቅጂ እንደሚያወጡም ነገሩኝ፤ ለሲኒማ አንድ፣ ለቴሌቪዥን አንድ፣ ለዩቲዩብ ለማስታወቂያ እንዲመች የተከፋፈለ ሌላ። «ሦስቱም አንድ ስም ይዘው ይወጣሉ። ተመልካቹ ሌላኛውን አይቶ ይሰድበናል።»

በአዲስ አበባ የተቆረጠው ደቡብ ጎንደር ሲደርስ ሌላ መቀስ ይጨመርበታል። እንደ ደብረ ታቦር ያለ ከተማ ሰው አብዛኛውን ፊልም የሚያየው በቴሌቪዥን፣ በስልክና በፍላሽ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፍላሹ ዋናው መንገድ ሆኖ ነበር። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ እያጠረ፣ እየደበዘዘ፣ ርዕሱ እየተለወጠ ይሄዳል። ባለሙያው ገቢውን ያጣል፤ ተመልካቹ ታሪኩን ያጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአገሩን ፊልም ሊያጠና የሚሻ ወጣትም የትኛው ቅጂ እውነተኛው እንደሆነ የሚለይበት የለውም።

የፊልም ፖሊሲ በ2010 ዓ.ም. ጸድቋል፤ የቅጂ መብት አዋጁም የሞራል መብትን ሰጥቷል። የጎደለው ሥራ ላይ ማዋል ነው። በፕሮዲዩሰርና በዳይሬክተር ውል ውስጥ የመጨረሻውን ቅጂ የሚወስነው ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ፈቃድ ሰጪ አካል ይውጣ የሚለውን ትዕይንት በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱና ከነፊርማው ይስጥ፤ ይግባኝም ይኑረው። ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) መጽሐፍን እንደሚያኖር ሁሉ፣ ዳይሬክተሩ የፈረመበት የእያንዳንዱ ፊልም ሙሉ ቅጂ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ያጠረ ቅጂ የሚያወጣ ጣቢያም ማሳጠሩን በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ያሳውቅ። እርስዎም አንባቢ፣ ፊልም ሲያስጭኑ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይጠይቁና ሙሉውን ይውሰዱ። ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ሙሉውን ያመጣል።