ሽጉጧ ስትነክስ… አራት ሰከንድ፣ አምስት ጥይት

አራት ሰከንድ በእግር ኳስ ምንም አይደለችም። ተከላካዩ ለእጅ ውርወራ ኳሷን አንስቶ፣ በማሊያው ጠርጎ፣ ለማን እንደሚሰጥ ገና ሳይወስን አራት ሰከንድ አልፏል። በ25 ሜትር ፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ውድድር ግን በዚያችው አራት ሰከንድ ስፖርተኛው ወደ ታች ያዘነበለ ክንዱን አንስቶ፣ ጎን ለጎን በተደረደሩ አምስት ኢላማዎች ላይ አንድ አንድ ጥይት ማሳረፍ አለበት። ያውም በአንድ እጅ! ታዲያ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሽጉጧ ብትነክስበትስ?

ለእኛ ሀገር ተመልካች ኦሎምፒክ ማለት 10 ሺህ ሜትርና ማራቶን ስለሆነ ይህን ውድድር ቁጭ ብሎ የሚያይ ብዙ የለም። ነገር ግን ከ1896ቱ የአቴንስ ጨዋታ ጀምሮ የነበረ አንጋፋ ውድድር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማጣሪያው 60 ጥይት ይተኮሳል፤ በ8፣ በ6 እና በ4 ሰከንድ። ፍጹም የሆነ ሰው 600 ነጥብ ያመጣል ማለት ነው። አንድ ጥይት ሳይወጣ ከቀረ 10 ነጥብ ሄደ። በፓሪስ 2024 ለፍጻሜ ያለፉት ስድስት ብቻ እንደነበሩ ሲታሰብ 10 ነጥብ ቀልድ አይደለችም፤ ወደ ቤት ትሸኛለች።

ችግሩ ከጥይቷ ይጀምራል። እስከ 2004 ድረስ ተኳሾቹ የሚጠቀሙት ነጥብ 22 ሾርት የምትባለውን አጭር ጥይት ነበር። እርግጫዋ ለስላሳ ስለሆነ ሽጉጧ እጅ ላይ እምብዛም አትዘልም። ከ2005 ጀምሮ ግን ደንቡ ተቀየረና ሁሉም ረዘም ወዳለችው ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል እንዲዞር ተደረገ፤ የምላጩ ክብደትም ከአንድ ኪሎ እንዳያንስ ተወሰነ። ስንት ዓመት የለመዱት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ሆነ። ጀርመናዊው ራልፍ ሹማን የዚህ ለውጥ ምስክር ነው። በ1992፣ በ1996 እና በ2004 ወርቅ የወሰደው በአጭሯ ጥይት ዘመን ሲሆን፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ በአዲሷ ጥይት ተወዳድሮ ከዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ፔትሪቭ ቀጥሎ ብር አጥልቋል። በዚያ ዕድሜና በአዲስ መሣሪያ ብር ማግኘት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአንዳንድ ወርቅ ይበልጣል።

ለመሆኑ ሽጉጧ ለምን ትነክሳለች? ጥይቷ ስትፈነዳ የጋዙ ግፊት ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀለሁ ደግሞ የሽጉጧን መዝጊያ ይዞት ይሄዳል። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል፤ ሞላው መልሶ ወደ ፊት ሲወረውረው ከካዝናው አናት ላይ ያለችውን ጥይት እየገፋ ያጎርሳታል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጀው። መዝጊያው ትንሽ ካጠረ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ቀለሁ መውጫው ላይ ቆሞ ይቀረቀራል፤ ወይም መዝጊያው ቀጣዩን ጥይት ሳይነካ ባዶውን ተመልሶ ይዘጋል።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ተኳሹ እርግጫ እንዲቀንስለት ኃይሏ የቀለለ ጥይት ይመርጣል፤ አፈሙዙ ካልዘለለ ወደሚቀጥለው ኢላማ ቶሎ ይሄዳላ። ጥይቷ በጣም ከቀለለች ግን መዝጊያውን እስከ መጨረሻው የምትገፋበት ጉልበት የላትም። ፍጥነት ፈልጎ መቀርቀርን መግዛት ይሉታል ይሄ ነው። የእጅ አንጓም የራሱ ድርሻ አለው። አንጓው ከላላ ሽጉጧ በሙሉ ወደ ኋላ ትሄድና መዝጊያው የሚመለስበት ጉልበት ይባክናል። ድካም በመጣባቸው የመጨረሻ ተኩሶች ላይ ጥሩ የነበረች ሽጉጥ በድንገት የምታስቸግረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላዋ ተንኮለኛ የጥይቷ ቅርጽ ናት። የነጥብ 22 ጥይት ቀለህ ከታች በኩል ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። ካዝና ሲሞላ የላይኛዋ ጥይት ጠርዝ ከታችኛዋ ጠርዝ ፊት መቀመጥ አለበት። ከኋላ ከተቀመጠ፣ መዝጊያው የላይኛዋን ወደ ፊት ሲገፋት ጠርዟ ከታችኛዋ ጋር ይጠላለፍና ሁለቱም አይላወሱም። ይህ የሽጉጥ ሠሪው ጥፋት አይደለም፤ ካዝናውን የሞላው ጣት ጥፋት ነው። አምስት ጥይት ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ እያዩ ነው የሚሞሉት።

ቆሻሻም አለ። እርሳሷ በሰም ወይም በቅባት የተቀባች ስለሆነች ከባሩዱ ጥላሸት ጋር እየተላቆጠ ማጉረሻው ውስጥ ይጋገራል። በብርድ ጊዜ ደግሞ ቅባቱ ይጠጥራል። ቀለሁን ይዞ የሚያወጣው ጥፍር ሥር ትንሽ ቆሻሻ ከገባ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት የሚደረገው ምርመራ ግን እንደ መካኒክ ሥራ ነው። ካዝናዎቹ ላይ ቁጥር ይጻፋል። ሁልጊዜ የምታስቸግረው ሁለት ቁጥር ከሆነች ሽጉጧን መፍታት አያስፈልግም፤ የካዝናዋ ከንፈር ተጣሞ ይሆናል። ዘወትር የሚቀረቀረው የመጨረሻው ጥይት ከሆነ ደግሞ የካዝናው ሞላ ደክሟል ተብሎ ይጠረጠራል። በሁሉም ካዝና የሚደርስ ከሆነ ያኔ ወደ ጥይቱ፣ ወደ ጽዳቱና ወደ መዝጊያው ሞላ ይኬዳል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው፤ ሁሉንም ባንዴ የቀየረ ሰው ምኑ እንዳዳነው አያውቅም።

ይህ ሁሉ ግን የልምምድ ሜዳ ሥራ ነው። በውድድር ላይ ሕጉ ሌላ ነው። ሽጉጧ ስትነክስ የሰው እጅ በደመ ነፍስ መዝጊያውን ስቦ ማስተካከል ይፈልጋል። እሱን ካደረገ አለቀለት! ደንቡ የሚለው አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ ያዝ፣ መሣሪያውን አትነካካ፣ ነጻ እጅህን አንሳ ነው። ዳኛው መጥቶ ሽጉጧን ይቀበላል። ከውጭ የሚታይ ምክንያት ካጣና ተኳሹም በርሜሉ ውስጥ እርሳስ ቀርቷል ካላለ፣ ወደማያሰጋ አቅጣጫ አዙሮ ምላጩን አንድ ጊዜ ብቻ ይስባል። ከዚያ ይፈርዳል።

ፍርዱ ሁለት ዓይነት ነው። ጥይቷ ከሽፋ ከሆነ፣ ቀለሁ አልወጣ ብሎ ከሆነ፣ የመምቻው መርፌ ተሰብሮ ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ነውና ያ ተኩስ ይደገምለታል፤ ያውም በአንድ የ30 ጥይት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ። ካዝናው በደንብ አልገባም፣ ጥይቱ ጎድሏል፣ መጠበቂያው አልተከፈተም፣ ወይም ተኳሹ ዳኛው ሳይደርስ ነካክቶታል ከተባለ ግን ያልተተኮሱት ጥይቶች ዜሮ ይጻፍባቸዋል። ተኳሹ ሊቆጣጠረው ይችል የነበረ ምክንያትም ከዚሁ ይመደባል። ክርክር የሚያስነሳው ይህ ነው። የተጠላለፈ ጠርዝ የማን ጥፋት ነው? ያልተጠረገ ማጉረሻስ? ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ እጅ ነክቷል አልነካም እንደሚባለው ሁሉ እዚህም የዳኛ ዓይን ይወስናል።

የተፈረደለት ተኳሽ ሽጉጧን ለመጠገን ወይም ለመቀየር እስከ 15 ደቂቃ ይሰጠዋል። የሚቀይራት ሽጉጥም አስቀድማ በቁጥጥር ያለፈች መሆን አለባት። ከዚያ ክንዱን ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ እንደገና ይቆማል፤ አራቷ ሰከንድም እንደ አዲስ ትቆጠራለች።